«ኑሪልኝ» ብሎ ድንጋይ ላይ መጻፍ፦ ሥዕልና የልብ ቃል እንዴት እንደሚሠራ

ልጆች ሳለን ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ወረቀት ላይ እየሣልን ለጎረቤት እናድል ነበር። ያ ወረቀት ጥቅምት ሳይገባ ይቀደዳል። ድንጋይ ላይ መሣል የጀመርኩት ለአያቴ፣ ለእምዬ፣ የማይቀደድ ነገር ልሰጣት ፈልጌ ነው።

ድንጋዩ ወንዝ ያለሰለሰው፣ መዳፍ የሚሞላ፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ይሁን። ቀዳዳ የበዛበት ቀለም ይጠጣል፣ ፊደልም አያወጣም። በሳሙናና በብሩሽ አጥባችሁ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት። ውስጡ እርጥበት ከቀረ ቀለሙ እያደር ይላጣል።

ከዚያ ነጭ መደብ ሁለት እጅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አክሪሊክ የሚባለው የሥዕል ቀለም ጥሩ ነው፤ ከቤት ቅብ የተረፈ ነጭ ፕላስቲክ ቀለምም ይበቃል፣ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። የልጆች የውሃ ቀለም አይሆንም፤ እርጥብ እጅ ሲነካው ይለቃል።

ከባዱ ፊደሉ ነው። አማርኛ ለድንጋይ የተመቸ ቋንቋ ነው፤ «አይዞሽ» አራት ፊደል፣ «ኑሪልኝ»ም አራት። ከስድስት ፊደል አትለፉ። ነገር ግን ፊደሎቻችን የሚለያዩት በትንንሽ ቅጥያ ነው። የ«ኑ» ቅጥያ ከግንዷ መሃል ትወጣለች፤ ወደ እግሯ ከወረደች «ኒ» ሆነች። «ኝ» ከላይ ያለውን ሰረዝ ካጣች «ን» ናት፤ «ኑሪልኝ» ያላችሁት «ኑሪልን» ሆኖ ይነበባል። ብዙ ሰው ፊደሉን ወደ ላይኛው ጠርዝ አስጠግቶ ይጀምርና ለዚያች ሰረዝ ቦታ ያጣል።

ስለዚህ ቃሉን መጀመሪያ ወረቀት ላይ በልኩ ጻፉና መሃሉን ፈልጉ። ድንጋዩ ላይ በእርሳስ ሁለት መስመር አስምሩ፤ ከላይኛው መስመር በላይ ለሰረዟ የሚበቃ ቦታ ይቅር። ከመሃል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሄዳችሁ በእርሳስ ንደፉ። በቀጭን ብሩሽ ስትቀቡ ግንዶቹን ሁሉ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ሲደርቁ ቅጥያዎቹን ጨምሩ። የ«ም» እና የ«ው» ቀለበት ሰፋ ይበል፣ አለዚያ ቀለም ይደፍነዋል። ከተደፈነ ሳይደርቅ በረጠበ ስቴኪኒ አውጡት።

ጌጡ ከዚህ ይቀላል። የብሩሹን እጀታ ጫፍ ቢጫ ቀለም ነክራችሁ ነጥብ በነጥብ ዙሪያውን ብታሳርፉ አደይ ይወጣል። ለዳር ዳሩ የምወደው በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ የሚታየውን ሐረግ ነው፤ ሁለት ቀለም እንደ ሹሩባ ማጠላለፍ። ቃሉን ግን አታጨናንቁት።

ሥራውን ከላይ የሚሸፍነው ቫርኒሽ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። ለእምዬ የሠራሁትን የመጀመሪያውን ድንጋይ የጻፍኩት በማርከር ነበር። የዋዜማው ዕለት ማታ ቫርኒሹን በብሩሽ ሳስኬድበት ጥቁሩ ቀለም ሟሟና ነጩን መደብ ሁሉ አጠቆረው። በበዓሉ ቀን ባዶ እጄን ሄድኩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። አሁን አስቀድሜ በድንጋዩ ጀርባ አንድ መስመር ጽፌ፣ ሲደርቅ ቫርኒሹን አስነካዋለሁ፤ ካልሟሟ ብቻ ወደ ፊቱ እዞራለሁ። ጽሑፉ አንድ ቀን ይደር፤ ቫርኒሹ ሁለት ስስ እጅ ይሁን። በውሃ የሚቀጥነውን ምረጡ፤ በዘይት የሚሠራው እያደር ወደ ቢጫ ይሄዳል።

በጀርባው ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። የእምዬ ሁለተኛው ድንጋይ ረከቦቷ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ጥላ ስለሆነ ቀለሙ አልደበዘዘም። ደጅ የሚውል ከሆነ ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ እጅ ቫርኒሽ ጨምሩለት።