የድሮ የዘመቻ ፎቶ ስታገኙ መጀመሪያ ገልብጡት

ፊቱን ማንም ያያል። ዋናው ወሬ ያለው ከጀርባው ነው።

እኔ የምሰበስበው የእድገት በኅብረትን ነው፤ ታኅሣሥ 1967 ተጀምሮ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ ገጠር ያዘመተውን። እጄ ካሉት ሁሉ የምወደው ከመዳፍ የማይበልጥ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። አራት ልጆች ካኪ ለብሰው ሳር ቤት ደጃፍ ላይ ቆመዋል፣ የአንዷ ጫማ በጭቃ ተለውሷል፣ ከጀርባው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለማስታወሻ፣ 67» ይላል። ሻጩ ቁጥሩን በፈረንጅ ቆጥሮት «የጃንሆይ ጊዜ ነው» ብሎ ነበር የሰጠኝ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእኛ ሰው የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭ ጋዜጣ ማኅተም ካለበት ግን በእነሱ ነውና የኛ ታኅሣሥ 1967 እዚያ ዲሴምበር 1974 ሆኖ ታገኙታላችሁ። የአሜሪካ ጋዜጦች የድሮ ማኅደራቸውን ስለሸጡ እንዲህ ያለ የዜና ፎቶ ኢቤይ ላይ ይወጣል። ከጀርባው የተለጠፈውን የታይፕ ጽሑፍ አደራ እንዳትልጡት።

ቀን ከሌለውስ? ፎቶው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የገበሬ ማኅበር ታፔላ ከታየ የካቲት 1967 የመሬት አዋጁ ወጥቷል ማለት ነው። የከተማ ቀበሌ ማኅበር ታፔላ ከሆነ ደግሞ ከሐምሌ 1967 ወዲህ ነው። የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ተሰቅሎ ካያችሁ 1971 ላይ የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጠርጥሩ። ሽማግሌ ደብተር ይዘው መታየታቸው ብቻውን አይበቃም፣ በሁለቱም ዘመቻ ፊደል ተቆጥሯል።

ኦርጅናል መሆኑን ለማወቅ ማጉያ መነጽር ይበቃል። ነጠብጣብ ካያችሁ የማተሚያ ሥራ ነው። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ወደ ብርሃን ሰያፍ ስታደርጉት ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ቦታ ዳር ዳሩን እንደ ብር ያብለጨልጫል።

አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ አልፎ አልፎ ይገኛል፣ ግን ትልቁ ሀብት ያለው ሰው ቤት፣ አልበም ውስጥ ነው። ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበሩት ዛሬ ወደ 70 ዓመት ናቸው። ስለዚህ አትዘግዩ! ስትሄዱ ግን በዋጋ አትጀምሩ። ቡናው ይጠጣ፣ ገጹን እሳቸው ይግለጡ፣ እናንተ ስሙ። በቀይ ሽብር ጊዜ ፎቶ ራሱ ያስጠይቅ ስለነበር ስንቱ ቤት በገዛ እጁ አቃጥሏል፤ አልበሙ ውስጥ አጠገባቸው ቆሞ የሚስቀው ልጅ ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ሊሆን ይችላል። ዝም ካሉ አትጎትጉቱ። መሸጥ ካልፈለጉ እዚያው ስካን አድርጋችሁ መልሱላቸው። እኔ እንዲያውም ይህን እመርጣለሁ፣ ፎቶው ከባለቤቱ ጋር ሲቆይ ታሪኩም አብሮት ይቆያል።

ከፈቀዱላችሁ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ። ከግራ ወደ ቀኝ እነማን ናቸው? የዘመቻ ጣቢያው የት ነበር? ወረዳውስ? ፎቶውን ማን አነሳው? ይህን ሁሉ ሳትይዙ ከወጣችሁ የያዛችሁት ካኪ የለበሱ የማይታወቁ ልጆችን ነው።

አያያዙ ቀላል ነው። ፕላስተርና ሙጫ አታስጠጉ፣ የሚያጣብቅ ገጽ ያለው አልበምም ይቅርባችሁ። ስካኑ በ600 ዲፒአይ ይሁን፣ ጀርባውንም ጭምር። ከአሲድ ነፃ በሆነ ፖስታ ከታችሁ ደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ስሙን በእርሳስ ፖስታው ላይ ጻፉ፣ ፎቶውን ሳትከቱ በፊት።

የኔ አራቱ ልጆች ፖስታ ላይ እስካሁን ሦስት ስም አለ። ጫማዋ ጭቃ የሆነውን ልጅ የሚያውቃት ሰው ገና እየፈለግሁ ነው።