ቦሱ ሳይወድቅ ተስማሙ፦ የሬይድ ሉት ሳትቀያየሙ መካፈያ

አንድ ቅዳሜ ማታ አምስታችን አራት ኪሎ ጌም ቤት ቁጭ ብለን ሌሎቹ አምስቱ ደሞ ከየቤታቸው ሆነው ኦንላይን ጌም ላይ ሬይድ ገባን (ሬይድ ማለት ብዙ ሰው ተባብሮ ቦስ የሚባለውን ትልቅ ጠላት የሚገድልበት ነው፣ ሉት ደሞ ከሱ የሚወጣው ዕቃ)፣ ሶስት ሰዓት ሙሉ ስንሞት ስንነሳ ቆይተን በስንት መከራ ቦሱ ወደቀ፣ ጩኸታችን አስፋልት ድረስ ተሰምቶ ነበር። ከዛ ዱላው ወጣ። ሂለራችን፣ ማለትም ጌሙ ላይ ሌሎቻችንን የሚያክመው ልጅ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሲጠብቀው የነበረው ዱላ። ሮል ይደረግ፣ ማለትም በዕድል ቁጥር ይውጣ፣ ተባለና ከኛ ጋር ገና ለሁለተኛ ጊዜ የገባ ልጅ 97 አወጣ፣ ሂለራችን 12። ማንም ህግ አልጣሰም፣ ህግ የሚባል ነገር አልነበረማ። ሂለራችን ምንም ሳይናገር ሄድሴቱን አውልቆ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠ፣ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ፣ ከዛ በኋላ ሶስት ሳምንት ስልክ አላነሳም።

እኛ ደሞ ተራ ጓደኛሞች አይደለንም፣ ብዙዎቻችን ፒያሳ አንድ ሰፈር ያደግን ልጆች ነን፣ ሰፈሩ ሲፈርስ አንዱ ገላን አንዱ አያት ሄደ፣ አሁን ሁላችንም አንድ ላይ የምንገናኘው ሬይድ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ዱላ ምክንያት ሰው ሲያኮርፍ የሚቀረው ጌሙ ብቻ አይደለም። ይሄን የምፅፈው አዲስ ጊልድ፣ ማለትም አብሮ የሚጫወት ቡድን፣ ለምትጀምሩ ልጆች ነው፣ እኛ የተጣላንበት ላይ እናንተም እንዳትጣሉ።

የመጀመሪያው ነገር፣ ከዚህ ፅሁፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ያዙ፣ የምትካፈሉበትን ህግ ቦሱ ሳይወድቅ ጨርሱት። ዕቃው አንዴ ስክሪን ላይ ከታየ በኋላ ማንም ሰው ስለ ህግ ማውራት አይችልም፣ ሁሉም ስለዛ ዕቃ ነው የሚያወራው፣ ትክክለኛ ሀሳብ ያለው ሰው እንኳን ለራሱ የሚከራከር ይመስላል። እናቶቻችን እቁብ ሲጥሉ ደንቡን ብሩ በተሰበሰበበት ቀን አያወጡትም፣ መጀመሪያ ዳኛና ፀሐፊ ይመረጣል፣ ስንት ይጣላል፣ በየስንት ቀን፣ የቀረ ሰው ምን ይሆናል የሚለው ያልቃል፣ ከዛ ነው ዕጣ የሚወጣው። ሬይድም ልክ እንደዛ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ጌማችሁ ምን እንደሚፈቅድ እዩ። አንዳንድ ጌም ላይ ሲስተሙ ራሱ ለየሰዉ ስለሚሰጥ የምትካፈሉት ነገር የለም። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን ብቻ ብንወስድ በፈረንጆቹ 2018 ዕቃውን መሪው የሚያድልበት የማስተር ሉት ስልጣን ከጊልድ መሪዎች ተነስቶ ሁሉም ሲስተሙ ለየሰዉ የሚሰጥበት ፐርሰናል ሉት ሆነ፣ በፈረንጆቹ 2022 ድራጎንፍላይት የሚባለው ማስፋፊያ ሲመጣ ደሞ ሬይድ ላይ ኒድ (ያስፈልገኛል) እና ግሪድ (ባያስፈልገኝም ልውሰድ) እየተባለ ሮል የሚደረግበት ግሩፕ ሉት ተመለሰ፣ ክላሲክ የሚባለው የድሮው ዓይነት ላይ ግን ማስተር ሉት አለ። ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ ጥሩ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ያነሳው ሰው ላይ ይጣበቃል፣ ዋርክራፍት ላይ ከዛው ሬይድ ውስጥ ለነበረ ሰው በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ በቃ ቀረ። በስህተት የተሰጠን ዕቃ ነገ እናስተካክላለን ማለት አይሰራም፣ እዛው በዛው ነው።

አሁን ወደ አካፋፈሉ።

ሮል ቀላል ነው፣ ሁሉም ከ1 እስከ 100 ይጥላል፣ ትልቅ ያወጣ ይወስዳል። ለማያውቁት ሰው ለአንድ ቀን ችግር የለውም። ለቋሚ ጊልድ ግን ዕድል ትዝታ የለውም፣ ስንት ቅዳሜ እንደመጣችሁ አያውቅም። አምስት ሰው ለአንድ ዕቃ ሮል ካደረገ ለእያንዳንዱ 20 ፐርሰንት ነው አይደል፣ እስኪ አስሉት፣ 10 ጊዜ ሞክሮ አንድም ጊዜ ያለማግኘት ዕድል ወደ 11 ፐርሰንት ይጠጋል። በአስር ሰው ጊልድ ውስጥ በአማካይ አንድ እንደዚህ አይነት ዕድለ ቢስ ልጅ ይኖራል ማለት ነው፣ እና ያ ልጅ ነው ቀስ ብሎ መምጣት የሚያቆመው።

ገና የምትተዋወቁ ከሆነ ሶፍት ሪዘርቭ ይሻላችኋል። ሬይዱ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገውን አንድ ወይ ሁለት ዕቃ ይፅፋል፣ ሊስቱ ይዘጋል፣ ዕቃው ሲወጣ ሮል የሚያደርጉት የፃፉት ብቻ ናቸው፣ ማንም ያልፃፈው ዕቃ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። እኛ ያን ቀን ይሄ ቢኖረን ሂለራችን ዱላውን ያስፅፍ ነበር፣ ያ ልጅ ደሞ ምናልባት ሌላ ነገር። መሪው ለራሱ ያስቀረው ዕቃ ካለም እዚሁ ጋ ሰው ሳይገባ በፊት ይናገር፣ ያልተስማማ ሌላ ግሩፕ ይፈልጋል።

ለቋሚ ጊልድ እኔ የምወደውና አሁን የምንጠቀምበት ሱሳይድ ኪንግስ የሚባለውን ነው፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገርየው የኛው እቁብ ነው። መጀመሪያ አንዴ ብቻ በዕጣ ከ1 እስከ መጨረሻ ተራ ይወጣል። ዕቃ ሲወጣ ከላይ ጀምሮ ይጠየቃል፣ የማይፈልግ ያሳልፋል ቦታውም አይነካም፣ የወሰደ ሰው ግን ወደ መጨረሻ ይወርዳል። ዋናው ውበቱ የቀረ ሰው ጉዳይ ላይ ነው። በምሳሌ ላሳያችሁ፣ አስር ሰው አላችሁ፣ 4ኛውና 9ኛው መብራት ሄዶባቸው አልገቡም። 2ኛው ዕቃ ወሰደ። እሱ 10ኛ ይሆናል፣ 3ኛው ወደ 2 ይወጣል፣ 5ኛው ወደ 3፣ 6ኛው ወደ 5፣ 7ኛው ወደ 6፣ 8ኛው ወደ 7፣ 10ኛው ወደ 8። 4ኛውና 9ኛው እዛው ቁጥራቸው ላይ ናቸው፣ ስለቀሩ አልወረዱም፣ ሳይመጡም አልወጡም። መብራትና ኔትወርክ እንደፈለገ በሚሄድበት ከተማ ለሚጫወት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ምንድነው፣ ትንሽዬ ቀለበት ለወሰደም ምርጥ ሰይፍ ለወሰደም ቅጣቱ አንድ ነው፣ ስለዚህ ላይ ያለ ሰው ተራዬን አላቃጥልም ብሎ የሚጠቅመውን ዕቃ ሁሉ ያሳልፋል፣ ጊልዱም አይጠነክርም። እኛ ሁለት ሊስት አደረግነው፣ አንዱ ለመሳሪያና ለትሪንኬት (ልዩ ኃይል ላለው ጌጥ)፣ ሌላው ለቀረው ልብስ ምናምን፣ ከዛ ወዲህ ዕቃ ሲባክን አላየሁም።

ሰው ሲበዛ ደሞ ነጥብ ነው የሚያዋጣው። ዲኬፒ የሚባለው የድራጎን መግደያ ነጥብ ማለት ነው፣ ኤቨርኩዌስት የሚባለው ጌም በፈረንጆቹ 1999 ሲወጣ ናጋፈንና ቮክስ የሚባሉ ሁለት ድራጎኖች ነበሩ፣ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ገድሎ የሚወጣው ዕቃ ግን ጥቂት፣ ስለዚህ ለመጣ ሰው ነጥብ እየመዘገቡ በነጥቡ ዕቃ መግዛት ጀመሩ። የመጀመሪያው ዋርክራፍት ላይ ሞልተን ኮር 40 ሰው ይዞ ሲገባ የነበረው ጊልድም ብዙው በዚሁ ነው የኖረው። በሽታው ነጥብ ማጠራቀም ነው፣ የድሮ ሰው 1000 ነጥብ ላይ ተኝቶ አዲስ የመጣው መቼም አይደርስበትም። መድሃኒቱ በየሳምንቱ ከሁሉም ሰው 10 ፐርሰንት መቀነስ ነው፣ 1000 የነበረው 900፣ 810፣ 729 እያለ በአራተኛው ሳምንት 656 ይሆናል፣ ካልተጠቀምክበት ይሟሟል።

ኢፒጂፒ ከዚህ የተሻለ ነው እላለሁ፣ በነጥብ መጫረት ስለሌለው። የለፋህበት ነጥብ ለወሰድከው ዕቃ ነጥብ ይካፈላል። ታንኩ (የቦሱን ምት የሚቀበለው) 600 ለፍቶ የ200 ዕቃ ወስዷል፣ ውጤቱ 3። ሜጁ (አስማተኛው) 400 ለፍቶ የወሰደው ግን የ100 ብቻ ነው፣ ውጤቱ 4፣ ስለዚህ ቅድሚያው የሜጁ ነው። የ150 ዕቃ ቢወስድ 400 ለ250 ይካፈልና 1.6 ይሆናል፣ ቀጥሎ የታንኩ ተራ መጣ። አዲስ ሰው ምንም ስላልወሰደ በአንድ ቀን ሁሉንም እንዳይቀድም ለሁሉም መነሻ የሚሆን የዕቃ ነጥብ፣ ለምሳሌ 100፣ መጀመሪያውኑ ስጡ።

ሉት ካውንስል ማለት ሶስት አራት ሰው ተመካክሮ ዕቃው ለማን ቢሰጥ ጊልዱን ይጠቅማል ብሎ ሲወስን ነው። በደንብ ከተሰራ ጊልዱን ለማጠንከር ፈጣኑ እሱ ነው፣ ግን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ባለበት አገር ውሳኔውን ደብቃችሁ ማንም ያምነናል ብላችሁ አትጠብቁ። የምትሰሩበት ከሆነ ካውንስል ውስጥ ያለ ሰው የራሱ ዕቃ ሲመጣ ከውሳኔው ይውጣ፣ ለምን ለእሱ እንደተሰጠም በአንድ መስመር ለሁሉም ይፃፍ፣ ሁሌ ባልና ሚስት ወይ ወንድማማች ብቻ እንዳይሆኑም ተጠንቀቁ።

ጂዲኬፒ፣ ማለትም ዕቃውን በጌም ወርቅ አጫርቶ ወርቁን መካፈል፣ እኔ አልመክርም። ወርቁ ከየት መጣ የሚለውን ማንም ስለማይጠይቅ በእውነተኛ ገንዘብ ወርቅ የሚገዛውን ሰው ይጠራል፣ የዋርክራፍት ባለቤት ብሊዛርድም በፈረንጆቹ 2024 ሲዝን ኦፍ ዲስከቨሪ የሚባለው የክላሲክ ዓይነት ላይ ከልክሎታል።

የትኛውንም ብትመርጡ እዚህ አገር የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፣ መሃል ላይ የወጣ ሰውስ? አውሮፓ ሰርቨር ላይ ነን፣ እነሱ በራሳቸው አቆጣጠር ማታ 8 ሰዓት (20፡00) ሲሉ እኛ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ እነሱ ሰዓት ሲቀይሩ ደሞ 3 ይሆናል፣ ጠዋት ስራ ያለው ሰው እስከ መጨረሻ አይቆይም፣ መብራትም አለ። የኛ ደንብ እንደዚህ ነው፣ ቦሱ ላይ ውጊያ ሲጀመር የነበረ ሰው መሃል ቢወጣበትም እንዳለ ይቆጠራል፣ 15 ደቂቃ እንጠብቃለን፣ ለመግባት ተዘጋጅቶ ቦታ ሞልቶበት ውጪ የጠበቀ ሰውም ነጥብ ባለው ሲስተም ላይ እኩል ነጥብ ያገኛል። ደንቡን ስትፅፉ የሰውን ዋና ድርሻና ሁለተኛ ድርሻም ለዩ፣ ሂለር ሆኖ የገባ ሰው ለመዋጊያ ልብስ የሚጠይቀው የሚዋጉት ሁሉ ካሳለፉ በኋላ ነው።

መዝገብ ከሌለ ይሄ ሁሉ ወሬ ነው። መሪውና መዝጋቢው አንድ ሰው አይሁን። የኛን የምትይዘው ሂሳብ ሰራተኛ የሆነች እህታችን ናት፣ ጎግል ሺት ላይ ቀን፣ ቦስ፣ ዕቃ፣ የወሰደው ሰው፣ ያሳለፉት ሰዎች እያለች ትሞላለች፣ ሁሉም ማየት ይችላል፣ መቀየር የሚችሉት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ሬይዱ ሲያልቅ የሊስቱን ፎቶ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ትለቀዋለች። አንዴ ስትሳሳት 7ኛውን 8ኛ አድርጋው ነበር፣ ልጁ በማግስቱ ፎቶውን አይቶ ነገራት፣ አስተካከለችው፣ አለቀ። ያለ ፎቶ ቢሆን የሳምንት ጭቅጭቅ ነበር።

ሂለራችንን ቤቱ ሄደን ነው የመለስነው፣ ሊስቱን አሳይተነው፣ ዕጣውንም እሱ ራሱ ያውጣ ብለን። ለራሱ 6ኛ ወጣ፣ ሳቀ። ዱላው በአምስተኛው ሳምንት ሲወድቅ በመሳሪያው ሊስት 2ኛ ደርሶ ነበር፣ 1ኛው ታንኩ ነው፣ ዱላ ምን ያደርግለታል፣ አሳለፈ። ያ 97 ያወጣው ልጅ ነው ማይኩን ከፍቶ "እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ" ያለው መጀመሪያ፣ ከዛ መዝጋቢዋ "ወደ 10 ወርደሃል እሺ" አለችው፣ እሱም "ፃፊኝ" አላት።