ተናካሽ ትንሽ ውሻ ቤት ውስጥ ካለ ምን ይደረጋል?

ትልቅ ውሻ ሰው ሲነክስ ሁሉም ይደነግጣል። ትንሹ ሲነክስ ግን ይሳቃል። «አይ የሱ ነገር፣ አንበሳ የሆነ መስሎታል» ተብሎ ይታለፋል፣ አንዳንዱማ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ትንሽ ውሻ ብዙውን ጊዜ ተናካሽ የሚሆነው ክፉ ሆኖ ስለተፈጠረ አይደለም። «ተዉኝ» ሲል የሚሰማው ስላጣ ነው።

እስቲ አስቡት። ያገኘው ሁሉ ብድግ አድርጎ ያቅፈዋል፣ ፊቱ ላይ ይደፋበታል፣ ከእጅ እጅ ይቀባበሉታል። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ላይ ይህን የሚሞክር የለም። ትንሹ መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ የዓይኑ ነጭ ጎልቶ ይታያል፣ ሰውነቱ ድርቅ ይላል፤ ማንም ልብ አይለውም። ከዚያ ያጉረመርማል፣ ይሳቅበታል። በመጨረሻ ጥርሱን ሲያሳርፍ ግን እጁ ወዲያው ይሸሻል። ለካ የሚሠራው ይሄ ነው! በሚቀጥለው ጊዜ ማጉረምረሙን ዘሎ በቀጥታ ወደ ንክሻው ይሄዳል። (ጅራቱን ስለቆላ ብቻም አትዘናጉ፤ ሰውነቱ ደርቆ ጅራቱን ወደ ላይ አቁሞ የሚቆላ ውሻ ደስ ብሎት ላይሆን ይችላል።)

ስለዚህ ከየት ይጀመር? ከእንስሳት ሐኪም። በተለይ ሰላማዊ የነበረው ውሻ በድንገት መናከስ ከጀመረ መጀመሪያ ሕመም ጠርጥሩ። በትናንሽ ውሾች ላይ የጥርስና የድድ ሕመም፣ እንዲሁም የጉልበት ሎሚ ከቦታው መንሸራተት የተለመደ ነው። ጆሮና ጀርባም መታየት አለባቸው። ሲያነሱት የሚያመው ውሻ ሊያነሳው የመጣውን እጅ ቢነክስ አይገርምም። ደግሞ የሰው ማስታገሻ በራሳችሁ እንዳትሰጡት፤ ኢቡፕሮፌንም ፓራሲታሞልም ውሻን ሊመርዙ ይችላሉ።

ጤናው ደህና ከሆነ መቼ መቼ እንደሚናከስ ጻፉ። እንግዳ ሲገባ ነው? ምግቡ ሲነካ? ሶፋ ላይ ተኝቶ ሲቀሰቀስ? ሲታቀፍ? «ዝም ብሎ ነው የሚናከሰው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ከንክሻው በፊት የነበረውን አላየም።

ሥልጠናው ጊዜ ስለሚፈጅ እስከዚያ ድረስ መናከሻ ዕድል አትስጡት። በሩ ሲንኳኳ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ሌላ ክፍል አስገቡት ወይም በማሰሪያ ያዙት። ሕፃን ካለ ደግሞ «ዓይኔ እላያቸው ላይ ነው» የሚባለው አይሠራም፣ ንክሻ ከዓይን ይፈጥናል፤ በር ይዘጋ። የአፍ መሸፈኛ ከፈለጋችሁ አፉን ከፍቶ ሊያለከልክና ውሃ ሊጠጣ የሚያስችለውን ቅርጫት መሰሉን ምረጡ፣ ምክንያቱም ውሻ ሙቀት የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ አፉን ጥርቅም አድርጎ የሚያስረው ለረጅም ሰዓት አደገኛ ነው። በግድ አታጥልቁበት። የሚወደውን ምግብ ውስጡ እያደረጋችሁ ራሱ አፍንጫውን እንዲያስገባ አለማምዱት።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። እንግዳ የሚፈራ ከሆነ፣ ሰውየውን እያየ ግን ሳይጮህና ሳይደርቅ መቆየት የሚችልበትን ርቀት ፈልጉ። ሰው ሲታይ ትንሽ ቁራጭ ሥጋ ይሰጠዋል፣ ሰው ሲሄድ ሥጋውም ይቆማል። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ምግብ። የሚወደውን ምግብ እምቢ ካለ ቀርባችኋል፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። ርቀቱን በየቀኑ ሳይሆን ውሻው ዘና ሲል ብቻ ቀንሱ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እንግዳው በእጁ እንዲያጎርሰው በማድረግ ነው። ውሻው ለምግቡ ሲል ይጠጋል፣ ምግቡ ሲያልቅ ከሚፈራው ሰው አጠገብ ቆሞ ራሱን ያገኘዋል፣ ያኔ ይነክሳል። እንግዳው ካስፈለገ ምግቡን ከውሻው ጀርባ ይወርውር። ዓይን ዓይኑን አይይ፣ አያጎንብስበት፣ እጁን አይዘርጋ።

ሶፋው የኔ ነው ካለ ጎትታችሁ አታውርዱት፣ መሬት ላይ ምግብ ጣል አድርጋችሁ ጥሩት። ዕቃ ከነጠቀ በተሻለ ነገር ለውጡት። ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቃል ተናገሩ፣ «ላንሳህ» በሉት ለምሳሌ፤ ፊቱን ካዞረ ወይም ከሸሸ ተዉት። እሱም እምቢ ማለት እንደሚችል ሲያውቅ መናከሻ ምክንያቱ ይቀንሳል።

ዱላ፣ ጩኸት፣ በጀርባው አስተኝቶ መጫን፣ እነዚህ ሁሉ ይቅሩ። ሲያጉረመርም የተቀጣ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል እንጂ ፍርሃቱን አይተውም፤ ከዚያ በኋላ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚነክሳችሁ። ንክሻው ጥልቅ ከሆነ፣ ከደጋገመ ወይም ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ብቻችሁን አትታገሉ። ያለ ዱላ የሚያሠለጥን ባለሙያ ፈልጉ፣ ሐኪሙም ፍርሃቱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። «በሳምንት አስተካክለዋለሁ» የሚላችሁን ግን ተጠራጠሩ።

ሰው ከተነከሰ «ጭረት ናት» አይባልም። ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰው የሚተርፍበት አጋጣሚ የለም ማለት ይቻላል፣ ምልክት ሳይታይ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ውሻውን አትግደሉት፣ አታባርሩትም፤ የበሽታው ምልክት ይታይበት እንደሆነ ለ10 ቀን ታስሮ መጠበቅ አለበት። የራሱ ክትባትም ጊዜው እንዳያልፍ።

ውሻው የሌላ ሰው ከሆነና ወደ እናንተ ከመጣ አትሩጡ፣ አትራገጡም። ጎናችሁን ሰጥታችሁት ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ቦርሳ ወይም ጃኬት ካለ በመካከላችሁ አድርጉት፣ ዓይናችሁን ከሱ ዓይን መልሱና ባለቤቱን «ያዘው!» በሉት። «አይነክስም እኮ» ቢላችሁም እስኪይዘው ድረስ ከቆማችሁበት አትነቃነቁ።