ሥዕል መሰል ፎቶግራፍ አልወጣ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

የ17ኛውን ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ሰዓሊዎች የሬምብራንትን ወይም የቬርሜርን ሥዕል አይቶ እንዲህ ያለ የሰው ምስል በካሜራ ለማንሳት የተነሳ ሰው ውጤቱ ካላረካው በመጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ኮምፒውተሩ ነው። ጥላውን ያጠቁራል፣ ቀለሙን ያደበዝዛል፣ የሸራ ቅርጽ ይለጥፍበታል። በእኔ እምነት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ካሜራው ከመነካቱ በፊት፣ ብርሃኑ ላይ ነው፤ መፈለግ ያለበትም እዚያው ነው።

ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ

ብርሃን በዝቷል። መስኮቱ ከአንድ ወገን፣ የጣሪያው አምፖል ከላይ፣ ነጩ ግድግዳ ከሌላው ወገን ሲያበሩ ጥላ ማረፊያ ያጣል። አምፖሉን ያጥፉ፤ ከአንዱ በቀር ሌሎቹን መስኮቶች ይሸፍኑ፤ በጥላው ወገን ያለው ግድግዳ ነጭ ከሆነ ጥቁር ጨርቅ ይስቀሉበት። ከዚያ የሚነሳውን ሰው ከመስኮቱ አጠገብ ያስቀምጡና ፊቱን ቀስ እያለ እንዲያዞር ይንገሩት። በጥላው ወገን ካለው ዐይን ሥር፣ ጉንጩ ላይ፣ ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ስትታይ ያቁሙት። ፎቶ አንሺዎች በሬምብራንት ስም የሚጠሩት ብርሃን ይህ ነው። ሦስት ማዕዘኗ አልወጣ ካለች ብርሃኑ ከዝቅታ እየመጣ ሊሆን ስለሚችል የመስኮቱን የታችኛውን ግማሽ ይጋርዱ።

የአውሮፓ ሰዓሊዎች ቀጥተኛ ፀሐይ ስለማይገባበት ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ይመርጡ ነበር። ምክሩ አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በእነዚህ ወራት የደቡቡን መስኮት ይጠቀሙ፤ ምርጫ ከሌለ ነጭ ነጠላ ይዘርጉበት። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ደግሞ የትኛውም መስኮት ይሆናል።

ግማሹ ፊት ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆነ

የቀን ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ተቀላቅለዋል። አምፖሉን ያጥፉ፤ ዋይት ባላንሱንም (ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ እንዲያይ የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክለውን ምርጫ) ከአውቶማቲክ አውጥተው የቀን ብርሃን ላይ ያድርጉት።

ጀርባው ድፍን ጥቁር ሆነ

የቬርሜርን «የዕንቁ ጉትቻ ያደረገች ልጃገረድ» ያየ ሁሉ ጀርባው ጥቁር ነው ይላል። በ1665 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሳለውን ይህን ሥዕል የያዘው በሄግ የሚገኘው ማውሪትስሃውስ ሙዚየም በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ምርመራ ግን ከልጅቷ ኋላ አረንጓዴ መጋረጃ ተስሎ እንደነበር፣ ቀለሙም በዘመን ብዛት ተለውጦ እንደጠፋ አሳይቷል። ስለዚህ ጥቁር ጨርቅ ሰቅሎ በኮምፒውተር ይበልጥ ማጥቆር መንገድ መሳት ነው። የማያብለጨልጭ ቡናማ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ ከሰውየው ኋላ ሁለት ሜትር ያህል አርቀው ይስቀሉ፤ ሰውየውን ደግሞ ወደ መስኮቱ ያስጠጉ። ፊቱ ሲበራ ጀርባው በራሱ ይጨልማል፤ የጨርቁ እጥፋት ግን በጭላንጭል መታየት አለበት።

ምስሉ የቲያትር ልብስ የለበሰ ሰው መሰለ

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ከጥንቱ ሥዕል የተወረሰው ልብሱና ዕቃው እንጂ የሰዓሊው አስተያየት አይደለም። የኔዘርላንዱ ፎቶ አንሺ ሄንድሪክ ኬርስተንስ የራሱን ሴት ልጅ ለዓመታት አንስቷል። በ2007 እ.ኤ.አ. ባነሳት አንድ ምስል ላይ ጭንቅላቷ ላይ ያለው ነገር ሲያዩት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነጭ የራስ መሸፈኛ ይመስላል፤ አተኩረው ሲያዩት ተራ የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ፎቶውን ሥዕል ያስመሰሉት ከጎን የሚመጣው ብርሃን፣ የጨለመው ጀርባና ፈገግታ የሌለው የረጋ ፊት ናቸው፤ ከረጢቱ የዛሬ መሆኑ ምስሉን አላፈረሰውም፣ እንዲያውም ሕይወት ሰጠው። የተከራዩትን ካባ ይመልሱ፤ ቤት ውስጥ ያለ ፎጣ ወይም ሻሽ ይሞክሩ። ሰውየውንም ወዲያው አያንሱት፤ ለካሜራ ያዘጋጀው ፊት እስኪለቀው ይጠብቁ።

የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መንፈስ ፈልጌ ደብዝዞ ወጣ

የሬምብራንት ብርሃን እዚህ ቦታ የለውም። በእኛ የግድግዳ ሥዕሎች ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ያዩናል፤ ዐይናቸው ትልቅ ነው፣ ዙሪያቸው በጥቁር መስመር ተከብቧል፣ ቀዩና ቢጫው ሳይደበላለቅ ይቆማል፤ መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ እምብዛም አይታይም። ኢትዮጵያዊቷ ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ «ዓለም ዘጠኝ ናት» ከሚለው አባባል ርዕሷን በወሰደችው የ2016 እ.ኤ.አ. ሥራዋ ላይ የተቀቡ ፊቶችንና ያልተቀየጡ ደማቅ ቀለሞችን ስታሰልፍ ከዚህ ውርስ ቀድታለች። እርስዎም ከላይ ያልኩትን ይገልብጡት። ከግራና ከቀኝ እኩል፣ ለስላሳ ብርሃን ይስጡ፤ ሁለትና ሦስት ቀለም ብቻ ይምረጡ፤ ጥላ ግድግዳው ላይ እንዳይወድቅ ሰውየውን ከግድግዳው ያርቁ፤ ካሜራውንም በዐይኑ ልክ ያቁሙ።

ስክሪን ላይ ያማረው ሲታተም ጠቆረ

የስክሪኑ ድምቀት ከመጠን በላይ ነው። ዝቅ አድርገው እንደገና ይዩት። የማያብረቀርቅ ወረቀት ጥላ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ይበልጥ ስለሚውጥ፣ ሙሉውን ከማሳተምዎ በፊት የምስሉን በጣም ጨለማ ክፍል ብቻ በትንሽ ቁራጭ አሳትመው በቀን ብርሃን ይመልከቱት።