ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) የጀመረው ልጅ ጋንጃ ካላቆመ ምን እናድርግ?

ወንድምህ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ሰውን ሁሉ መጠራጠር ከጀመረ ቶሎ ወደ ሕክምና ውሰደው። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ገጠር ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር አጽፉ። ጸበሉም ዱአውም ይቀጥል፣ ግን እባካችሁ መድኃኒቱን አታስጥሉት።

ጋንጃ የሚያጨስ ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ። ነውር ነው ብሎ መደበቅ የሚጎዳው ልጁን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 24 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ እንዳሳየው ማጨሱን የቀጠሉት ካቆሙት ይልቅ ሕመሙ ያገረሽባቸዋል፣ ጭራሽ ካላጨሱት ይልቅ ደግሞ ሆስፒታል ረዘም ላለ ጊዜ ይተኛሉ። ያቆሙት ግን በማገርሸት በኩል ጭራሽ ካላጨሱት ብዙም አልተለዩም። ይሄ ትልቅ ተስፋ ነው፣ ለልጁም ንገሩት!

ስታናግሩት አትጩኹበት፣ አትሰሩት። መቼ መቼ እንደሚያጨስ ጠይቁት። እንቅልፍ ሲያጣ ነው? ጫት ቅሞ ምርቃናውን ለማውረድ ነው? ወይስ ክኒኑ እያንቀጠቀጠው ነው? መልሱን ይዛችሁ ሐኪሙ ጋ ሂዱ፣ ምክንያቱም መጠኑ ሊስተካከል፣ መድኃኒቱም ሊቀየር ይችላል፤ ጫቱንም አብሮ መቀነስ ያስፈልጋል። ጓደኞቹ የሚያጨሱ ከሆነ ከሰዓቱን በሥራ ያዙለት፣ አጎት ሱቅ ውስጥም ቢሆን።

ዛሬ አጨሰ ብላችሁ ክኒኑን አትከልክሉት። ደህና ሲመስልም በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ራሱን ወይም ሰው እጎዳለሁ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።