ዋይድባንድ ሴንሰር ከማስመጣትዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካርቡሬተር በጆሮው የሚያስተካክል ጎበዝ መካኒክ ዛሬም አለ። ሞተሩ ዳገት ላይ ሲጨነቅ ነዳጁ ከአየሩ ጋር በስንት እየተደባለቀ እንደሆነ ግን በጆሮ አይሰማም። ይህን በቁጥር የሚናገረው ዋይድባንድ የሚባለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ብዙ ሰው ኪቱን (ሴንሰሩን፣ ምልክቱን የሚያነበውን ኮንትሮለርና ቁጥሩን የሚያሳየውን ጌጅ) ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ያስመጣል። ተሳስቶ የመጣ ዕቃ ደግሞ መመለሻ የለውም።

«መኪናዬ ሴንሰር አላት እኮ» ማለት

ዕድሜያቸው ገፋ ያለ የኢንጀክሽን መኪኖች ይዘውት የሚመጡት ሴንሰር ናሮውባንድ ነው። ከ0 እስከ 1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ 0.45 አካባቢ ላይ ይገለበጣል። ነዳጅ በዛ ወይም አነሰ ይላል፤ በስንት እንደሆነ ግን አይናገርም። ጋዙ ሙሉ ተረግጦ ድብልቁ 12.5 ለ1 (በክብደት 12.5 እጅ አየር ለ1 እጅ ነዳጅ) ቢሆንም 11 ለ1 ቢሆንም ለእሱ ያው ነው።

በጌጁ መልክ መግዛት

እንደኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው የጌጁን መብራትና ቀለም ነው። ጌጁ ዓመታት ይቆያል፤ የሚያልቀው ሴንሰሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብዎ «በየትኛው ሴንሰር ነው የሚሠራው?» ብለው ነው።

ብዙ ኪቶች የሚጠቀሙት የጀርመኑን የቦሽ ኩባንያ ሴንሰር፣ ኤልኤስዩ (LSU) 4.2 ወይም 4.9 ነው። 4.2 የቆየው ነው፤ ልኬቱን የሚያመሳክረው ከውጭ በሚገባ አየር ስለሆነ ያ አየር ከተበከለ ንባቡ ይዛባል። 4.9 ማመሳከሪያውን ራሱ ስለሚያዘጋጅ በዚህ በኩል ይሻላል። የሁለቱም ጥርስ 18 ሚሊሜትር ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ጥርቅም ብሎ ይገባል። ለ4.2 የተሠራ ኮንትሮለር ግን 4.9ን አያነብም። መለዋወጫውን አብረው ያስመጡ፤ ዋጋው በጣም ከረከሰ ደግሞ ፎርጅድ እንዳይሆን ይጠርጥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእነዚህ ሴንሰሮች ሶኬት ውስጥ ትንሽ ሬዚስተር አለች፤ ፋብሪካው ለዚያች አንዲት ሴንሰር ብቻ ለክቶ ያስገባት ናት። ሽቦው አጠረ ብሎ ሶኬቱን ቆርጦ የሚጥል ሰው ያቺን ልኬት አብሮ ጣላት። ማስረዘም ካስፈለገ በኮንትሮለሩ በኩል ነው። አንዳንድ ኪት ደግሞ ሴንሰሩን በንጹሕ አየር ካሊብሬት ማድረግ (ልኬቱን ማስተካከል) ይፈልጋል። ጭስ በሞላበት ጋራዥ ውስጥ ከተደረገ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ሁሉ የተሳሳተ ነው።

14.7ን የሙጥኝ ማለት

14.7 ለ1 ንጹሕ ቤንዚን ልክ የሚሆንበት ድብልቅ ነው። ኢታኖል ሲገባበት ይወርዳል፤ ለንጹሕ ኢታኖል 9 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ቤንዚን ከኢታኖል ጋር ተደባልቆ የተሸጠበት ጊዜ ነበር። ላምዳ (ያለውን ድብልቅ ለነዳጁ ልክ ከሆነው ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር) የሚያሳይ ጌጅ ከዚህ ጣጣ ይገላግላል፤ ነዳጁ ምንም ይሁን ምን ልክ የሆነው ድብልቅ 1 ነው።

መመዝገብ የማይችል ኪት መምረጥ

የእንጦጦን ዳገት እየወጡ ዓይንን ጌጅ ላይ መትከል አደጋ ነው። ዳታ የሚያስቀምጥ ወይም ቢያንስ ከመመዝገቢያ መሣሪያ ጋር የሚገናኝበት ከ0 እስከ 5 ቮልት መውጫ ያለው ይሁን። ለካርቡሬተር መኪና ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። እዚህ የተስተካከለች መኪና 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው አዋሽ ስትወርድ አየሩ ይበዛባታል፣ ነዳጁ ያንሳታል። ይህን የሚያሳየው የመንገዱ ሪከርድ ነው።

ቦታውን ሳያስቡ ዕቃውን ማዘዝ

ሴንሰሩ የሚገባበት ባለጥርስ ቀለበት ጭስ መውጫው ላይ መበየድ አለበት። ኪቱ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። ቦታው ጭሱን ከሚያጣራው ካታላይዘር በፊት፣ ቱርቦ ካለ ከቱርቦ በኋላ ነው። ሴንሰሩ ከጎን ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ይቁም። ወደ ታች ከተተከለ የሚጠራቀመው ውሃ የጋለውን ሴራሚክ ይሰነጥቀዋል። ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ጭስ ውስጥ ከቆየም በጥላሸት ይበላሻል፤ «ጌጁ ሲመጣ እናገናኘዋለን» የሚባል ነገር የለም።

ቁጥሩን እንደወረደ ማመን

ያረጀ ማርሚታ ብዙ ጊዜ ያፈሳል። ከሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ይስባል፤ ጌጁም ነዳጅ አነሰ ይላል። አንዷ ካንዴላ ሳትተኩስ ስትቀርም እንዲሁ ነው። ያልተቃጠለው ኦክስጅን ሴንሰሩ ጋ ይደርሳል፤ ቤንዚኑ እየፈሰሰ ሳለ ቁጥሩ «ጨምር» ይላል። መካኒኩም ያምነውና ጄቱን (ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባትን ቀዳዳ) ያሰፋል። ጄት ከመነካቱ በፊት ካንዴላዎቹ ይውጡና ይታዩ፤ የጭስ መውጫው መጋጠሚያም አንድ በአንድ ይፈተሽ።