በትንሽ የአማተር ሬዲዮ አጭር ሞገድ ማዳመጥ፦ ሐዋሳ ላይ እንዴት እንደሚሰራ

ሐዋሳ ውስጥ አጭር ሞገድ አልሰማ ሲል አብዛኛው ሰው ሬዲዮውን ያማል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ሶኬት ላይ የተረሳ የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ወይም የጎረቤት የሶላር መቆጣጠሪያ ነው። ለአማተሮች፣ ማለትም ሬዲዮን በግል ፍላጎት ለሚጠቀሙ ሰዎች፣ የተሠሩት ትንንሽ ትራንሲቨሮች፣ ማለትም መላክም መቀበልም የሚችሉት ሬዲዮዎች፣ ተጠጋግተው የሚያሰሙ ጣቢያዎችን በመለየት ከተራ የኪስ ሬዲዮ በእጅጉ ይሻላሉ። ይህ ብልጫቸው የሚታየው ግን ከቤት ጫጫታ ሲርቁ ነው።

ሬዲዮው የትኛው ነው? ያሱ ኤፍቲ-818፣ አይኮም አይሲ-705 እና ዢየጉ ጂ90 ለአማተር ከተመደበው ክልል ውጭ ያለውንም አጭር ሞገድ ይቀበላሉ። እንደ ባኦፌንግ ዩቪ-5አር ያሉት በእጅ የሚያዙ ርካሽ ሬዲዮዎች ግን ለዚህ አይሆኑም። አጭር ሞገድ የሚባለው ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው ነው፤ እነሱ መገናኛቸው ከ136 ሜጋኸርዝ ስለሚጀምር አንቴና ቢቀየርላቸውም ለውጥ የለውም። መላኪያ ያለው ሬዲዮ ከመግዛትዎ ወይም ከውጭ ከማስመጣትዎ በፊት ስለ ፈቃዱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ። ወረቀቱም ከሬዲዮው ጋር ይዙር፤ ዛፍ ላይ ሽቦ የሚሰቅል ሰው ጥበቃዎች «ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁት አይገርምም።

ደረጃ 1፦ እንዳይልክ ማድረግ

ይህን ሳያደርጉ አንቴና አይሰኩ። ለማዳመጥ ብቻ የተዘረጋ ሽቦ ላይ በስህተት ከተላከ ኃይሉ ወደ ሬዲዮው ተመልሶ የመላኪያውን የመጨረሻ ትራንዚስተሮች ሊያቃጥል ይችላል። ያለ ፈቃድ መላክ ደግሞ ሕግ መጣስ ነው። ማይክሮፎኑን ይንቀሉ፤ በአጭርና በረጅም ድምፅ መልእክት የሚላክበት የሞርስ መምቻ ካለም ይንቀሉት። ድምፅ ሲሰማ በራሱ መላክ የሚጀምረውን ቮክስ ያጥፉ፤ የመላኪያ ኃይሉንም ወደ መጨረሻው ዝቅታ ያውርዱ። ብዙዎችን የሚያታልለው የጂ90 የአንቴና ማስተካከያ ነው። ቁልፉ ተጭኖ ሲያዝ ሬዲዮው ለማስተካከል ብሎ ይልካል፤ ስለዚህ አይንኩት። ማይክሮፎን ስለተነቀለ ብቻ ተዘግቷል ማለት አይደለም።

ደረጃ 2፦ ባትሪ

የግድግዳ መብራት አይጠቀሙ። ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ይበቃል። እነዚህ ሬዲዮዎች ሲቀበሉ ግማሽ አምፒር ገደማ ይወስዳሉ። እንዲህ ያለ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ስለሚረዝም ሰባት ሰዓት ያህል ያስደምጣል። ከሬዲዮው ጋር የመጣውን ገመድ ከነፊውዙ ይጠቀሙ፤ ቀዩ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ላይ። ባትሪው ቻርጅ እየተደረገ ማዳመጥ ግን ከቻርጀሩ ሸሽቶ እዚያው ቻርጀር ላይ መመለስ ነው።

ደረጃ 3፦ አንቴና

እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ጊዜም ገንዘብም ማጥፋት የሚገባው እዚህ ነው። ከ9 እስከ 12 ሜትር የሚረዝም ፕላስቲክ የለበሰ የመዳብ ሽቦ ያዘጋጁ፤ ለቤት መብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትሩ ይሆናል። ጫፉን በናይለን ክር ዛፍ ላይ ይሰሩት። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች የሚይዙት ዓይነት ክር ጠንካራ ነው፣ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። ሁለተኛ 5 ሜትር ሽቦ መሬት ላይ ይዘርጉ።

አሁን ሁለቱን ከሬዲዮው ጋር ማገናኘት ነው። ለሲሲቲቪ ካሜራ የሚሸጠው ባለ ሁለት ብሎን ቢኤንሲ መሰኪያ በጣም ይመቻል። የተሰቀለው ሽቦ ፕላስ ምልክት ያለበት ብሎን ውስጥ፣ መሬት ላይ ያለው ማይነስ ውስጥ ይገባሉ። አይሲ-705 ላይ ይኸው በቀጥታ ይሰካል። ጂ90 ወፍራም ክብ መግቢያ ስላለው አዳፕተር ይፈልጋል። ኤፍቲ-818 ሁለት የአንቴና መግቢያ አለው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ አጭር ሞገዱ የተያያዘው ከኋለኛው ጋር ነው። ከፊት ሰክተው ምንም ካልሰሙ ሬዲዮው ተበላሽቷል ከማለትዎ በፊት ሜኑ ውስጥ ገብተው የአንቴናውን ምርጫ ይዩ።

ሽቦው ስንት ሜትር ከፍ ይበል? የአዲስ አበባ አካባቢ ማሰራጫዎች ከሐዋሳ በቀጥታ መስመር 220 ኪሎሜትር ገደማ ናቸው። ሞገዳቸው ወደ ላይ ወጥቶ ከአናት ስለሚመለስ 3 ሜትር ላይ የተዘረጋ ሽቦ ደህና አድርጎ ይቀበላቸዋል። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ግን ዝቅ ብሎ ከአድማስ በኩል ስለሚገባ የቻሉትን ያህል ከፍ ያድርጉ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። በኤሌክትሪክ መስመር ሥርም ሆነ በላይ ሽቦ መወርወር ግን ሰው ይገድላል፤ ቦታው ያ ብቻ ከሆነ ይተዉት።

አንድን ባንድ፣ ማለትም አንድን የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ብቻ በደንብ መስማት የሚፈልግ ዳይፖል የሚባለውን ባለ ሁለት ክንድ አንቴና ይሥራ። 143ን በሜጋኸርዙ ሲያካፍሉ ጠቅላላ ርዝመቱ በሜትር ይወጣል። ለ9.6 ሜጋኸርዝ 14.9 ሜትር ነው፤ መሀሉ ተቆርጦ በየጎኑ 7.45 ሜትር ማለት ነው። ወደ ሬዲዮው የሚወርደው የዲሽ ገመድ ሊሆን ይችላል። ባለ 75 ኦም ነው፣ ሬዲዮው 50 ኦም ይፈልጋል የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል፤ ለመቀበል ልዩነቱ በጆሮ አይታወቅም።

ደረጃ 4፦ ማስተካከል

ሞዱን ኤኤም ያድርጉ፤ ፊልተሩን 6 ኪሎኸርዝ። ደካማ ድምፅ ሲመጣ ድምፅ ማጉያውን የሚዘጋውን ስኩዌልች ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፤ ካልተከፈተ ደካማ ጣቢያ ሳይሰሙት ያልፋል። ጣቢያዎች በየ5 ኪሎኸርዙ ስለሚቀመጡ የማዞሪያውን እርምጃም 5 ያድርጉት።

ቀጥሎ ቅድመ ማጉያው፣ ማለትም ፕሪአምፑ፣ አለ። ጀማሪ ሁሉ ያበራዋል። ትክክለኛው ፈተና ይህ ነው፦ አንቴናውን ነቅለው ሲሰኩ የሚሰማው ሽሽታ ከጨመረ የሬዲዮው ጆሮ በቂ ነው፤ ማጉያው የሚያጎላው ጫጫታውን ነው። ያጥፉት። ኤፍቲ-818 ላይ አይፒኦ የሚለውን ማብራት ማለት ማጉያውን ማለፍ ነው፤ አሠራሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ብዙዎች ይሳሳቱበታል። ማታ አንድ ጣቢያ በማይገባው ቦታ ሁሉ ተደጋግሞ ከተሰማ ሬዲዮው በጉልበተኛ ሞገድ ታፍኗል፤ የሚገባውን ሞገድ የሚያዳክመውን አቴንዌተር ያብሩ ወይም የመቀበያውን ጉልበት የሚወስነውን አርኤፍ ጌይን ይቀንሱ።

ከኪስ ሬዲዮ በእርግጥ የሚለየው ግን ሳይድባንድ፣ ማለትም የጣቢያውን ሞገድ አንድ ጎን ብቻ መቀበል፣ ነው። የሚፈልጉትን ጣቢያ በላይ በኩል ሌላ ጣቢያ ከረበሸው ኤልኤስቢ (የታችኛውን ጎን) ይምረጡ፤ በታች በኩል ከሆነ ዩኤስቢ (የላይኛውን ጎን)። ከዚያ ፉጨቱ እየወፈረ ሄዶ እስኪጠፋ በ10 ኸርዝ እርምጃ ያዙሩ። ረባሹ ይሄዳል፣ ንግግሩ ይቀራል። ሙዚቃ ግን ለዛው ይጠፋል።

ደረጃ 5፦ ሰዓትና ባንድ

የጣቢያ ፕሮግራም የሚታተመው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ ነው። የእኛን ሰዓት ወደ እሱ መቀየሩ ቀላል ነው፦ ቀን ከሆነ 3 ይደምሩ፣ ማታ ከሆነ 15። ከጠዋቱ 2 ሰዓት 05:00 ዩቲሲ ነው፤ የጀርመን ድምፅ አማርኛ የሚታወቅበት ከምሽቱ 1 ሰዓት ደግሞ 16:00። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሞላ 24 ይሆናል፤ ማለትም የሚቀጥለው ቀን 00:00። ዓለም አቀፍ ጣቢያዎች ፍሪኩዌንሲያቸውን በዓመት ሁለቴ፣ በፈረንጆቹ ማርችና ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ ይቀይራሉ። ትናንት የሰሙት ዛሬ ከጠፋ መጀመሪያ ቀኑን ይዩ።

ቀን ላይ ለሩቅ ጣቢያ 15100–15830 እና 17480–17900 ኪሎኸርዝን ያስሱ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ወደ 11600–12100 እና 9400–9900 ይውረዱ፤ ሲመሽ 5900–6200። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ለብዙ ዓመት የታወቁት 6030፣ 6090 እና 6110 አካባቢ ነው። በክረምት ማታ ማታ ዝቅተኞቹ ባንዶች በመብረቅ ይንጫጫሉ፤ ያኔ ከፍ ያሉት ላይ መቆየት ይሻላል። ነጎድጓዱ ከተጠጋ አንቴናውን ነቅለው ከቤት ውጭ ይተዉት።

ደረጃ 6፦ ጫጫታውን ማደን

ሬዲዮው በባትሪ እየሠራ የቤቱን ዋና ብሬከር ያጥፉ። ሽሽታው ከቀነሰ ጠላቱ ቤት ውስጥ ነው፤ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እየመለሱ ይያዙት። ካልቀነሰ ከጎረቤት ወይም ከመስመሩ ነው። በአይሲ-705 ስክሪን ላይ የቻርጀር ጫጫታ በእኩል ርቀት እንደተደረደሩ የደበዘዙ ጉብታዎች ይታያል፤ የባጃጅ ሞተር ደግሞ መጥቶ የሚያልፍ ጠቅታ ነው። የአንቴናውን ገመድ ፌራይት በሚባል ጫጫታ በሚያፍን ማግኔታዊ ቀለበት ውስጥ ከ7 እስከ 10 ጊዜ ማዞር በገመዱ ላይ ተሳፍሮ የሚገባውን ይቀንሳል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ብዙ አይድከሙ፤ ሬዲዮውን ይዞ ታቦር ተራራ መውጣት ወይም በፍቅር ሐይቅ በኩል ከመብራት ራቅ ያለ ዛፍ መፈለግ ከማንኛውም ቀለበት ይበልጣል። «ውኃ ዳር ሞገድ ይጠነክራል» የሚባለው ለባሕር ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ ጨዋማ ስላልሆነ ጥቅሙ ከሕንፃ መራቁ ብቻ ነው።

ሁሉ ተስተካክሎ ዝም ካለ ሬዲዮው ነው ወይስ ሰማዩ? ሲደብሊው በሚባለው የሞርስ ሞድ ላይ ሆነው 14.100 ሜጋኸርዝ ላይ ይቁሙ። በዓለም ዙሪያ ለተቀመጡ 18 መለኪያ ጣቢያዎች የተመደበ ቦታ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ ተሰጥቷቸው በየ3 ደቂቃው ተራው ይዞራል። እያንዳንዱ ስሙን በሞርስ ከጠራ በኋላ አራት ረጃጅም ድምፆች ይልካል፤ የመጀመሪያው በ100 ዋት፣ ቀጥሎ በ10፣ በ1 እና በ0.1። የኬንያው 5ዜድ4ቢ ነው። ቀን ላይ 10 ደቂቃ ቆይተው አንድም ካልሰሙ የአንቴናውን መሰኪያ ይፈትሹ። የሩቆቹን በ100 ዋቱ ብቻ ከሰሙ ሬዲዮዎ ደህና ነው፤ የዕለቱ ሰማይ ነው የደከመው።